ንፋሱ ሲቆም መብራቱን ማን ይይዘዋል?

በአዳማ መንገድ ያለፈ ሰው የንፋስ ተርባይኖቹን ሳያይ አይቀርም። አንዳንድ ቀን ሁሉም ይሽከረከራሉ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። ታዲያ እነሱ ሲቆሙ መብራት ለምን አይጠፋም? (ሰፈራችሁ የሚጠፋበትን ምክንያት ወደ በኋላ እናመጣዋለን።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። መብራት ሽቦ ውስጥ አይጠራቀምም። በዚህች ሰከንድ የምንጠቀመው ኃይል በዚህችው ሰከንድ መመንጨት አለበት። የእኛ አገር ኔትወርክ የሚሠራው በ50 ኸርዝ ነው። የሚመነጨው ከሚፈለገው ሲያንስ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሲበዛ ይወጣል። በጣም ከራቀ ማመንጫዎቹ ራሳቸውን ለመጠበቅ ከመስመር ይወጣሉ፤ አገር ሙሉ ሊጨልም ይችላል።

ንፋስና ፀሐይ ደግሞ ትእዛዝ አይሰሙም። ደመና ሲመጣ ሶላር ይቀንሳል፤ አመሻሽ ላይ ሁሉም ራት ማብሰል ሲጀምር ፀሐይዋ የለችም። ግድብ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የውኃ ተርባይን መግቢያውን ከፈት ወይም ገርበብ በማድረግ ብቻ በደቂቃዎች ውስጥ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይላል። ግልገል ጊቤ 3 እያንዳንዳቸው 187 ሜጋዋት የሚያመነጩ 10 ተርባይኖች አሉት። አዳማ 2 የንፋስ ማመንጫ ደግሞ ሙሉ አቅሙ 153 ሜጋዋት ነው። በአጭሩ፣ አዳማ ላይ ንፋሱ ጸጥ ቢል አንድ የጊቤ ተርባይን ይሸፍነዋል።

ንፋሱ ሲነፍስስ? ያኔ ግድቡ ውኃውን ይዞ ይቆያል። ለኛ ትልቁ ጥቅም ይሄኛው ይመስለናል። ከ90 በመቶ በላይ መብራታችን ከውኃ ነው፤ ዝናብ ካጠረ ጣጣ ነው። በብዙ ቦታ ንፋሱ የሚበረታው ደግሞ በበጋ፣ ወንዞቹ በሚቀንሱበት ሰዓት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ሐይቁ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ስለሚይዝ ለዚህ ሥራ ሰፊ ቦታ አለው።

ይሄ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ዴንማርክና ኖርዌይ እንደ ፈረንጆቹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በባሕር ሥር ኬብል ተገናኝተዋል። ዛሬ ዴንማርክ ንፋስ ሲተርፋት ትሸጣለች፣ ኖርዌይ በዚያ ሰዓት የግድቧን ውኃ ታስቀምጣለች፤ ንፋሱ ሲቆም ኃይሉ ተመልሶ ይሄዳል። ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው መስመርም ለእንዲህ ያለ ንግድ ይመቻል። ኬንያ ቱርካና አካባቢ 310 ሜጋዋት የንፋስ ማመንጫ አላትና።

ዋጋ ግን አለው። ተርባይን በየሰዓቱ ከፍና ዝቅ ሲል ከግድቡ በታች ያለው ወንዝም በየሰዓቱ ይሞላል፣ ይጎድላል። በታችኛው ኦሞ የጎርፉን መሸሽ ተከትለው የሚዘሩ ማኅበረሰቦች ነበሩ፤ ከጊቤ 3 በኋላ ያ ጎርፍ እንደ ድሮው አይመጣም። ስለ ሜጋዋት ሲወራ ይሄ ጉዳይ ቶሎ ይረሳል።

ሰፈራችሁ መብራት የሚጠፋውስ? ብዙ ጊዜ ችግሩ ግድቡ ጋ አይደለም። ከአቅሙ በላይ የተጫነ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ ያረጀ ምሰሶ ወይም ዝናብ ሲመጣ የሚበጠስ ሽቦ ነው።