ከራግቢ ትምህርት ቤት ሜዳ እስከ ኬፕታውን የሕብለ ሰረሰር ክፍል፦ የተማሪዎች ራግቢ ጉዳት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1845 በእንግሊዝ አገር የራግቢ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሲጫወቱት የኖሩትን የኳስ ጨዋታ ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ሲያሰፍሩ፣ ከአንቀጾቹ አንዱ ማንኛውም ተጫዋች ከሶሉ ወይም ከተረከዙ ምስማር የወጣበት ወይም ብረት የተለበጠበት ጫማ እንዳያደርግ የሚከለክል ነበር። ደንቡን ያረቀቁት ሐኪሞች ወይም መምህራን ሳይሆኑ ተማሪዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ምስማሩ ቢከለከልም ርግጫው ግን አልተከለከለም። በዚያ ዘመን የተቃራኒን ቅልጥም በጫማ መምታት የጨዋታው አካል ብቻ ሳይሆን የጀግንነት መለኪያም ሆኖ ይቆጠር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ራግቢ በአገራችን እምብዛም የማይታወቅ በመሆኑ፣ ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገሮችን መግለጽ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ታክል የሚባለው ሲሆን፣ ኳስ ይዞ የሚሮጥን ተጫዋች በክንድ አቅፎ መሬት ላይ መጣል ማለት ነው። ሁለተኛው ስክረም ነው። በዚህ ጊዜ ከየቡድኑ ስምንት ስምንት ተጫዋቾች ተቃቅፈውና ጎንበስ ብለው ይገጥማሉ። የፊት ረድፍ ተጫዋቾች ራሳቸውን በተቃራኒዎቻቸው ራስና ትከሻ መካከል አስገብተው ሲገፉ፣ ከኋላቸው ያሉት ደግሞ እነርሱን ይገፋሉ። ክምሩ በድንገት ቢደረመስ ከፊት ያለው ልጅ ራሱ መሬት ነክቶ ሲቆም፣ ገላው ግን ከኋላ መገፋቱን ይቀጥላል። ከዚህ በኋላ በአንገት አጥንቶች ላይ የሚሆነውን ለጤና ባለሙያ ማብራራት አያሻም።

በ1870 ማንነቱን ያልገለጸ አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ለታይምስ ጋዜጣ በላከው ደብዳቤ፣ በራግቢ ትምህርት ቤት ጨዋታ ምክንያት የሚደርሱትን ጉዳቶች ለሕዝብ አቀረበ። ደብዳቤው ብዙ ክርክር አስነሣ። በጥር ወር 1871 የተመሠረተው የራግቢ እግር ኳስ ኅብረትም ባወጣው ሕግ ቅልጥም መምታትን ከለከለ። ለውጡ የመጣው በአንድ ደብዳቤ ብቻ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ የጎልማሶች ክለቦችም በሰኞ ቀን እያነከሱ ወደ ሥራ መግባት ሰልችቷቸው ነበርና። ይሁን እንጂ ተጎጂዎችን የሚያክም ሰው ያየውን ጽፎ በአደባባይ ሲያወጣ ደንብ ሊለወጥ እንደሚችል በዚያን ጊዜ ታይቷል። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ነገር በደቡብ አፍሪካ ተፈጸመ።

ጨዋታው በእንግሊዝ መምህራን፣ ወታደሮችና ሰፋሪዎች አማካይነት ወደ ቅኝ ግዛቶች ተዛምቶ በደቡብ አፍሪካ የነጮች ትምህርት ቤቶች ዘንድ ከጨዋታ ያለፈ ክብር አገኘ። በ1964 የክሬቨን ሳምንት የተባለው የትምህርት ቤቶች ውድድር በኢስት ለንደን ከተማ ተጀመረ። ከየአውራጃው የተመረጡ ወጣቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ ደጋግመው የሚጫወቱበት፣ በመጨረሻም ከመካከላቸው የአገሪቱ የትምህርት ቤቶች ቡድን የሚመረጥበት ውድድር ነው። በአፓርታይድ ሕግ ምክንያት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተካፋዮቹ ነጮች ብቻ ነበሩ።

በዚያው ዘመን በኬፕታውን የኮንራዲ ሆስፒታል የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍል፣ አንገታቸው ተሰብሮ ወይም ወልቆ እጅና እግራቸው የሰለለ የራግቢ ተጫዋቾች በየክረምቱ ይገቡ ነበር። የራጅ ሐኪሙ ዶክተር ሼር የእነዚህን ሕሙማን ፊልሞች እየሰበሰበ የጉዳቱን አመጣጥ መመርመር ጀመረ። ከ1977 ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የሕክምና መጽሔት በተከታታይ ባወጣቸው ጽሑፎች፣ ስክረም ሲደረመስ አንገት እንዴት እንደሚወልቅ፣ ከአንገት በላይ የሚደረግ ታክል ምን እንደሚያስከትል፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ አንዱን ሲይዙትም የሚደርሰውን አደጋ ለየብቻ አሳየ። በእኔ ግምት የሥራው ትልቅነት እዚህ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ «የጨዋታ ዕድል» እየተባለ ይታለፍ የነበረውን ነገር በዓይነት በዓይነቱ ከፍሎ፣ እያንዳንዱ ዓይነት በየትኛው የጨዋታ ደንብ ሊከላከሉት እንደሚቻል ጠየቀ። የእንግሊዙ የስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ሐኪም ጆን ሲልቨርም በ1984 ተመሳሳይ ምርመራ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አሳተመ።

በ1980 የዌስተርን ፕሮቪንስ ቡድን ተጫዋች ክሪስ በርገር በጨዋታ ላይ አንገቱ ተጎድቶ ሞተ። የቡድኑ አለቃ ሞርኔ ዱ ፕሌሲና ጓደኞቹ በስሙ የመርጃ ገንዘብ አቋቋሙ። ድርጅቱ በመጀመሪያ ሽባ ለሆኑ ተጫዋቾች ተሽከርካሪ ወንበርና መጦሪያ የሚያቀርብ ብቻ ነበር፤ ወደ ጥንቃቄ ሥራ የተሻገረው ቆይቶ ነው።

ከሆስፒታል ውጭ ያለውን ለማወቅ ደግሞ በ1983 የጨዋታ ወራት ቲም ኖክስና የሥራ ባልደረቦቹ በ26 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚገኙ ተጫዋቾችን ተከታተሉ። በ1987 የታተመው ውጤት አሰልጣኞች ያልጠበቁት ነበር። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው በታክል ጊዜ ሲሆን፣ ቁጥሩም ከፍ የሚለው በውድድሩ ወራት መጀመሪያና ተማሪዎች ከዕረፍት በተመለሱባቸው ሳምንታት ሆኖ ተገኘ። ይህም ማለት ሰውነታቸው ሳይዘጋጅ ወደ ሜዳ ይገቡ ነበር ማለት ነው።

በ1990 የደቡብ አፍሪካ የተማሪዎች ራግቢ ሕግ ተሻሻለ። ኖክስና ባልደረቦቹም በ1999 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከዚያ ዓመት ወዲህ በምዕራብ ኬፕ ተማሪዎች ላይ የሚደርሰው የሕብለ ሰረሰር ጉዳት የቀነሰ እንደሚመስል ገለጹ። «የሚመስል» የምትለዋን ቃል በርእሱ ላይ ሳይቀር አስገብተዋታል። ወደ ሆስፒታል የመጡትን ቆጥረዋል እንጂ ስንት ልጅ ስንት ሰዓት እንደተጫወተ የሚያሳይ መዝገብ አልነበራቸውምና ቃሏ በቦታዋ ናት። በዓለም አቀፍ ደረጃም ከ19 ዓመት በታች የሆኑ ተጫዋቾች በስክረም ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ እንዳይገፉ ተደነገገ። ኒውዚላንድ ደግሞ በ2001 አሰልጣኞችንና ዳኞችን በግዴታ የሚያስተምር ፕሮግራም ጀመረች። ከ2001 እስከ 2005 ባለው ጊዜ እንደ ቀድሞው ቢሆን 9 ያህል የስክረም አከርካሪ ጉዳቶች ይጠበቁ የነበረ ሲሆን የደረሰው ግን 1 ብቻ መሆኑ በ2007 ታትሟል።

ሆኖም ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ለሐኪምና ለነርስ ይበልጥ የሚጠቅመው በ2011 የወጣው የኮንራዲ ሕሙማን ጥናት ይመስለኛል። ጥናቱ በራግቢ ምክንያት የአንገት መገጣጠሚያቸው የወለቀ 57 ተጫዋቾችን የያዘ ነው። ከነዚህ ውስጥ 32ቱ ውልቃቱ ወደ ቦታው በሚመለስበት ሰዓት ሙሉ በሙሉ ሽባ ነበሩ። ከ32ቱ መካከል 8ቱ ጉዳቱ በደረሰ በአራት ሰዓት ውስጥ ውልቃታቸው ሲመለስ፣ 5ቱ ሙሉ በሙሉ ዳኑ። ከአራት ሰዓት በኋላ ከተመለሰላቸው 24 ሰዎች ግን ሙሉ በሙሉ የዳነ አንድም አልነበረም።

ቁጥሩ አነስተኛ ነው፤ ፈጥነው የደረሱትና የዘገዩት በሌላም ነገር ይለያዩ ይሆናል የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ቢሆንም የአሠራሩ ምክንያት አሳማኝ ነው። በራግቢ የሚደርሰው ውልቃት እንደ መኪና አደጋ ከፍተኛ ኃይል ያለው ባለመሆኑ ሕብለ ሰረሰሩ ከመበጠስ ይልቅ ይጨፈለቃል፤ ጭፍለቃው ቶሎ ከተነሣለት የማገገም ዕድል አለው። አራቱ ሰዓት ደግሞ የሚቆጠረው ከሜዳው ነው። ልጁን ማንም እንዳያነሣው የሚከለክል፣ አንገቱን የሚደግፍ፣ አምቡላንስ የሚጠራና ወደ የትኛው ሆስፒታል እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ሰዓቱ ከአንዱ ጤና ተቋም ወደ ሌላው በሪፈር ያልቃል። በደቡብ አፍሪካ ይህ ጉዳይ ከዘርና ከሀብት ጋር የተያያዘ ነበር፤ ሣር በለበሰ የከተማ ሜዳ ዳር አምቡላንስ ሲቆም፣ በጥቁሮች ሰፈር በደረቅ መሬት ላይ የወደቀው ልጅ በወዳጅ መኪና ተጭኖ ይሄድ ነበር። በ2009 የተጀመረው ቦክስማርት የተባለው ብሔራዊ ፕሮግራም አሰልጣኞችና ዳኞች በየሁለት ዓመቱ የደኅንነት ኮርስ እንዲወስዱ አስገደደ፤ ለከባድ የራስና የአንገት ጉዳትም ልዩ የስልክ መስመር ዘረጋ። በ2016 የታተመ ግምገማ ፕሮግራሙ ከተጀመረ ወዲህ በወጣቶች ላይ የሚደርሰው ከባድ የራስና የአንገት ጉዳት መቀነሱን፣ በአዋቂዎች ላይ ግን ለውጡ ጎልቶ አለመታየቱን አመልክቷል።

አንገት እንዲህ ተቆጥሮ ሳለ የአንጎል መናወጥ ለረጅም ጊዜ ሳይቆጠር ቀረ። የዓለም አቀፉ የራግቢ ቦርድ በ1977 ባወጣው ደንብ፣ አንጎሉ የተናወጠ ተጫዋች ለሦስት ሳምንት እንዳይጫወት ታዞ ነበር። ደንቡ ጥብቅ በመሆኑ ማምለጫው ቀላል ሆነ፤ «መናወጥ» የሚለውን ቃል አለመጻፍ ይበቃ ነበር። ልጁ «ትንሽ ዞሮበት ነበር» ይባልና በሚቀጥለው ቅዳሜ ይሰለፋል። በ2011 ይህ ደንብ ቀርቶ በምርመራ ላይ የተመሠረተ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ጨዋታ የመመለስ ሥርዓት ተተካ።

በግንቦት 2013 በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የ17 ዓመት ተማሪ የነበረችው ሮዋን ስትሪንገር በትምህርት ቤት ራግቢ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደጋግሞ በደረሰባት የራስ ምት ምክንያት ሞተች። የፊተኛው ጉዳት ሳይሽር ሌላ ምት ሲደርስ አንጎል በፍጥነት የሚያብጥበት ሁኔታ ከ1984 ጀምሮ «የሁለተኛ ምት ሕመም» ተብሎ ሲጠራ ቆይቷል። ራሱን የቻለ ሕመም ነው ወይስ የአንድ ከባድ ምት ውጤት የሚለው አሁንም ያከራክራል፤ ምልክት ያለበትን ልጅ ከሜዳ በማውጣት ላይ ግን ክርክር የለም። በ2015 የተደረገው ይፋዊ የሞት ምክንያት ምርመራ 49 የውሳኔ ሐሳቦችን አቀረበ፤ በ2018ም በስሟ የሚጠራ የአንጎል መናወጥ ሕግ ጸደቀ።

የውድድር ሳምንት ችግሩን የሚያብሰው እዚህ ላይ ነው። አንጎሉ የተናወጠ ወጣት ደረጃ በደረጃ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ከውድድሩ ሳምንት ይረዝማል። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት ሐኪሙ «መናወጥ ነው» ካለ ለልጁ ውድድሩ በዚያው አበቃ፤ መራጮቹም ቅዳሜ አያዩትም። ልጁ ራስ ምታቱን የሚደብቀው ባለማወቅ ሳይሆን በማወቅ ነው። በቡድኑ የተቀጠረ ሐኪምም ከአሰልጣኙ፣ ከወላጁና ከልጁ ግፊት ነጻ አይደለም። ለስላሳው የራስ መከላከያ ቆብ ይረዳል የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ ቆቡ የቆዳ መሰንጠቅን ይቀንስ ይሆናል እንጂ መናወጥን ለመከላከሉ በጥናት ማስረጃ አልተገኘም። ከ2011 ጀምሮ በአራቱ የደቡብ አፍሪካ የወጣቶች ውድድር ሳምንታት እያንዳንዱ ጉዳት በአንድ ዓይነት ቅጽ እየተመዘገበ ሲሆን፣ ታክል አሁንም የአብዛኛው ጉዳት ምክንያት ሆኖ ይገኛል።

በመጋቢት 2016 ከ70 በላይ ሐኪሞችና ምሁራን ታክል ከብሪታንያ ትምህርት ቤቶች ጨዋታ እንዲወገድ በግልጽ ደብዳቤ ጠየቁ። የአገሪቱ ዋና የሕክምና ሹማምንት ጥያቄውን አልተቀበሉትም፤ የስፖርቱ ጥቅም ያመዝናል ብለው ነበር። በ2023 ግን የእንግሊዝ ራግቢ ትምህርት ቤቶችን ጨምሮ በአማተር ደረጃ የታክልን ከፍታ ከደረት አጥንት ግርጌ በታች አወረደ። በታክል ጊዜ ራሱን ይበልጥ የሚጎዳው የሚጣለው ሳይሆን ጣዩ በመሆኑ፣ ዝቅ ብሎ የሚገባው ልጅ ራሱ ከተቃራኒው ጉልበትና ዳሌ ጋር እንዳይጋጭ የሚሰጉ አሉ። የዚህም መልስ የሚገኘው እንደ ቀድሞው በሜዳ ዳርና በሆስፒታል ከሚሞሉት ቅጾች ነው።