ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች የኔትወርክ ድራይቭን የማያዩት ለምንድን ነው? መፍትሔውስ?

በአንድ ቤት ወይም በአንድ ማኅበር ቢሮ ውስጥ ከአንድ በላይ ኮምፒዩተር ሲኖር ፎቶውን፣ ቪዲዮውንና በስካነር የገባውን ወረቀት ሁሉ በአንድ ቦታ ማከማቸት የተለመደ ነው። ቦታው ሌላ ኮምፒዩተር ወይም ከራውተሩ ጋር የተያያዘ የማከማቻ ሣጥን ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ይህን ሩቅ ያለ ፎልደር እንደ አንድ ተጨማሪ ዲስክ ቆጥሮ በፊደል እንዲጠራው ማድረግ ይቻላል። ብዙውን ጊዜ ዜድ ወይም ዋይ የሚለው ፊደል ይሰጠዋል። በዕብራይስጡ ዊንዶውስ «ኮናን ሬሼት» የሚባለው ይህ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ሥራውን ለሰው ሳይሆን ለማሽኑ ስንሰጠው ነው። በየሌሊቱ የቤተሰቡን ፋይሎች ወደ ዜድ የሚገለብጥ የጊቡይ ፕሮግራም አለ እንበል። ቀን እርስዎ ሲከፍቱት ዜድ በቦታው አለ፣ ፎቶዎቹም ይታያሉ። ሌሊት ፕሮግራሙ ሲሠራ ግን «መንገዱ አልተገኘም» ብሎ በራሱ መዝገብ ላይ ይጽፍና ዝም ይላል። ያንን መዝገብ ከፍቶ የሚያነብ ሰው ስለሌለ ወራት ያልፋሉ። የሽማግሌዎች ድምፅ፣ ከካሴት የተገለበጠው የሠርግ ቪዲዮ፣ የቢቱዋህ ለኡሚ ደብዳቤዎች ሁለተኛ ቅጂ እንደሌላቸው የሚታወቀው ዲስኩ የተበላሸ ቀን ነው። ደብዳቤውን ከመሥሪያ ቤቱ እንደገና መጠየቅ ይቻላል። ከአያት አፍ የተቀዳ ድምፅ ግን አያት ካለፉ በኋላ ከየትም አይመጣም።

ፊደሉ የማን ነው?

ሰርቪስ (በዕብራይስጥ «ሺሩት») የሚባለው ማንም ሰው ኮምፒዩተሩ ፊት ሳይቀመጥና ሲስማ ሳያስገባ፣ ዊንዶውስ ሲነሣ አብሮ ተነሥቶ ከበስተጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። የራሱ መስኮት የለውም። የጸረ ቫይረስ፣ የማተሚያና የጊቡይ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚህ መልክ ነው።

ብዙ ሰው ዜድ የኮምፒዩተሩ ንብረት ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ሲ የሚለው ፊደል ውስጥ ላለው ዲስክ የተሰጠ ስለሆነ የኮምፒዩተሩ ነው፣ ሁሉም ያየዋል። በዩኤስቢ የሚሰካ ዲስክም እንዲሁ ነው። በኔትወርክ የመጣው ዜድ ግን የገባው ሰው ነው። አንድ ሰው ስሙንና ሲስማውን ሰጥቶ ሲገባ ዊንዶውስ ለእርሱ ብቻ የሆነ የሥራ ክልል ይከፍትለታል። የኔትወርክ ፊደሎቹ የሚቀመጡት በዚያ ክልል ውስጥ ነው፤ ሰውየው ሲወጣ አብረውት ይሄዳሉ። ሰርቪሱ ደግሞ የሚሠራው በሌላ ስምና በሌላ ክልል ውስጥ ስለሆነ ዜድ ቢሉት አያውቀውም።

ነገሩን በስም መመሰል ይቻላል። ዜድ የቤት ስም ነው። በቤት ስም ሲጠሩት «አቤት» የሚለው ሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ በዚያ ስም ቢፈለግ አይገኝም። እዚያ የሚታወቀው በቴዑዳት ዜሁቱ ላይ ባለው ሙሉ ስም ነው።

እስከ ዊንዶውስ 2000 ድረስ ፊደሎቹ ለመላው ኮምፒዩተር የጋራ ነበሩ። በ2001 ከወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ ለእያንዳንዱ የገባ ሰው ለየብቻ ሆኑ። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ሰርቪሶችን ከተጠቃሚዎች ፈጽሞ ለይቶ በራሳቸው ክልል አስቀመጣቸው። ይህ የተደረገው ለደኅንነት ሲባል ስለሆነ «ተበላሽቷል» ብሎ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ትርፉ ድካም ነው። ከቪስታ ወዲህ አንዱና ያው ሰው እንኳ አንድን ፕሮግራም «እንደ አስተዳዳሪ» ሲከፍተው ዜድ ሊጠፋበት ይችላል፤ ምክንያቱም ያ መስኮት የተከፈተው በሌላ ክልል ነው። ለዚህኛው በሬጂስትሪ ውስጥ የሚስተካከል ቅንብር አለ። ሰርቪስን ግን አይረዳም፤ ሁለቱን አያምታቱ።

ሙሉ አድራሻና ቁልፍ

ሰርቪሱ ሩቅ ያለውን ፎልደር እንዲያገኝ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ አንደኛው ሙሉ አድራሻው፣ ሁለተኛው የመግቢያ ቁልፍ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አድርጎ ይተወዋል።

አድራሻው በፊደል አይጀምርም። ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሰረዞች፣ የማሽኑ ስም፣ አንድ ሰረዝ፣ ከዚያም የተጋራው ፎልደር ስም ይጻፋል። በእኛ ፊደል ብንጽፈው \\ማከማቻ\ፎቶ የሚለውን ይመስላል፤ በተግባር የሚጻፈው ማሽኑ ላይ እንዳለው በላቲን ፊደል ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ዜድ በተባለበት ቦታ ሁሉ ይህን ያስገቡ።

ወደ ቁልፉ እንምጣ። ብዙ ሰርቪሶች የሚሠሩት ሎካል ሲስተም በሚባል ስም ነው። ይህ ስም በራሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ጌታ ነው፣ ከደጅ ሲወጣ ግን የሚያውቀው የለም። በትልልቅ ድርጅቶች ኮምፒዩተሩ ራሱ በማዕከል ስለተመዘገበ ለእርሱ ፈቃድ መስጠት ይቻላል። በቤትና በትንሽ ቢሮ ግን ሣጥኑ «አንተ ማነህ?» ብሎ ይመልሰዋል።

ሌላ ነገር ከመንካትዎ በፊት የጊቡይ ፕሮግራሙን ቅንብር ይመልከቱ። ብዙዎቹ ለኔትወርክ ፎልደር የተጠቃሚ ስምና ሲስማ የሚሞላበት ቦታ አላቸው። ካለው እዚያ ሞልተው ይገላገላሉ።

ከሌለው ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ተጠቃሚ ይፍጠሩ። ስሙን ለምሳሌ ጊቡይ ይበሉት። በኮምፒዩተሩም በማከማቻ ሣጥኑም ላይ ስሙና ሲስማው አንድ ዓይነት ይሁን። ሲስማው ባዶ መሆን የለበትም፤ ዊንዶውስ ሲስማ የሌለውን ተጠቃሚ በኔትወርክ በኩል አያስገባም። ኮምፒዩተሩን የምንከፍትበት አጭር ፒንም እዚህ አይሠራም። ከዚያ በሣጥኑ ላይ ያንን አንድ ፎልደር ብቻ እንዲጽፍበት፣ በኮምፒዩተሩ ላይ ደግሞ የሚገለበጡትን ፎልደሮች እንዲያነብ ፈቃድ ይስጡት። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ አዲሱ ተጠቃሚ የሌላውን ሰው ፎልደር ካልተፈቀደለት ማንበብ አይችልም።

ቀጥሎ «ሺሩቲም» የሚለውን መስኮት ይክፈቱና የጊቡይ ፕሮግራሙን ሰርቪስ ይፈልጉ። ስሙን ሁለት ጊዜ ሲጫኑ ከሚመጣው መስኮት የመግቢያውን ገጽ መርጠው የአዲሱን ተጠቃሚ ስምና ሲስማ ያስገቡ። ከስሙ በፊት ነጥብና ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝ ይቅደም፤ የዚሁ ኮምፒዩተር ተጠቃሚ ነው ማለት ነው። ከዚያ ሰርቪሱን አቁመው እንደገና ያስነሡት። የሌሎችን ሰርቪሶች፣ በተለይ የዊንዶውስን የራሱን፣ ስም አይቀይሩ።

ፎልደሩን ለሁሉም ሰው ክፍት ማድረግ ቀላል መንገድ መሆኑን የሚመክር አይጠፋም። እኔ አልመክርም። በውስጡ የመታወቂያና የሐኪም ወረቀት አለ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚገባ ፋይል ቆላፊ ቫይረስም የተከፈተውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። የራስዎን የአስተዳዳሪ ስም ለሰርቪሱ መስጠትም ከዚህ ብዙ አይሻልም።

በሥራዬ በምገባባቸው ቤቶች ከቴክኒኩ ይልቅ ችግር ሆኖ የማየው ሌላ ነው። ኮምፒዩተሩን ያዘጋጀው የቤቱ ልጅ ነው፣ ሁሉም ነገር የተያያዘው በእርሱ ስም ነው። ልጁ ጻሃል ሲገባ በስሙ የሚገባ ሰው አይኖርም፤ ዜድም አብሮ ይጠፋል። ወይም ሰርቪሱ በእርሱ ስም ሲሠራ ቆይቶ ልጁ ለእረፍት መጥቶ ሲስማውን ይቀይራል። ሰርቪሱ የያዘው የድሮውን ስለሆነ ኮምፒዩተሩ ዳግመኛ ሲነሣ እምቢ ይላል፤ በመዝገቡ ላይ 1069 የሚል ቁጥር ይገኛል። ለብቻው ተጠቃሚ መፍጠር የሚያስፈልገው በዚህም ምክንያት ነው። ስሙና ሲስማው በወረቀት ተጽፎ ከቤቱ ሰነዶች ጋር ይቀመጥ። ወላጆች ኮምፒዩተር ባይነኩም ወረቀቱ የት እንዳለ ይወቁ።

ሌሎች መንገዶች

አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራም ሙሉ አድራሻውን አልቀበልም፣ ፊደል ካልሰጣችሁኝ ይላል። ኤምኬሊንክ በሚባለው ትእዛዝ በሲ ዲስክ ላይ ወደ ሩቁ ፎልደር የሚመራ ምልክት መሥራት ይቻላል። ፕሮግራሙ የሲን ፎልደር የከፈተ ይመስለዋል። ይህ የአድራሻውን ችግር ብቻ ይፈታል፤ ቁልፉ እንደ በፊቱ ያስፈልጋል።

ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በሎካል ሲስተም ስም ኔት ዩዝ የተባለውን ትእዛዝ አስጀምሮ ዜድን ለሰርቪሱ መክፈትም ይቻላል። ይሠራል፤ ነገር ግን ፊደሉ ለማንኛውም ተጠቃሚ ይታያል፣ ሲስማውም ብዙውን ጊዜ በግልጽ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይቀራል። ሌላ መንገድ ካለ ይተዉት።

በሰዓት ተራ ሥራ የሚያስጀምረው የዊንዶውስ ፕሮግራምም ያው ጠባይ አለው። «ተጠቃሚው ቢገባም ባይገባም ይሥራ» የሚለውን ከመረጡ ዜድ አይኖርም፤ እዚያም ሙሉ አድራሻ ይጻፉ። ሲስማው እንዳይቀመጥ የሚያደርገውን ምልክት ካደረጉ ደግሞ ሥራው ከኮምፒዩተሩ ውጪ ያለውን ነገር ጭራሽ ሊደርስበት አይችልም።

ካልሠራ ቁጥሩን ይመልከቱ። 53 ከሆነ ማሽኑ አልተገኘም፤ ምናልባት ጠፍቷል ወይም ስሙ ተሳስቷል። 67 ከሆነ የፎልደሩ ስም ተሳስቷል። 1326 የስም ወይም የሲስማ ስሕተት ነው። 5 ከሆነ መግባት ችሏል፣ ፈቃድ ግን የለውም። ኮምፒዩተሩ እንደተነሣ ብቻ የሚያቅተው፣ በኋላ ግን የሚሠራ ከሆነ ሰርቪሱ ኔትወርኩን ቀድሞታል፤ አነሣሡን «ዘግይቶ በራሱ የሚጀምር» ወደሚለው ይቀይሩ።

ሙከራው የሚደረገው ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ካስነሡ በኋላ ማንም ሳይገባበት ነው። እርስዎ ገብተው እያለ ቢሠራ ምንም አያረጋግጥም። አንድ አዲስ ፎቶ ቀድመው ያስቀምጡ፤ የጊቡዩ ሰዓት ሲያልፍ በሌላ ኮምፒዩተር ወደ ሣጥኑ ገብተው ፎቶው መድረሱን ይዩ። ደርሶ ከሆነ ከሣጥኑ አንድ የድምፅ ቅጂ ያውጡና ከፍተው እስከ መጨረሻው ያዳምጡት።