ኮቤ፦ አርባ አራት ጭስ የሰየሙት ወደብ

ሞላሌ የሚኖር ሰው አገሩን ቢጠይቁት መንዝ ማማ ምድር ይላል። ከእሱ ወዲህ ላሎ ምድር፣ ከእሱ ወዲያ ጌራ ምድር አለ። ማማ፣ ላሎና ጌራ አገሩን ያቀኑ አባቶች ናቸው ተብሎ ይተረካል፤ መሬቱም በስማቸው ሲጠራ ይኖራል። በመንዝ የቦታ ስም መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ማን ከማን እንደተወለደ የሚነገርበት ነው። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው የጃፓኗን የወደብ ከተማ ኮቤን ሊጎበኝ ቢነሳ፣ ከሕንፃዎቿ ከፍታና ከመርከቡ ብዛት በፊት ስሟን ቢጠይቅ ይሻለዋል እላለሁ። ምክንያቱም የኮቤን ስም ከማንም በላይ የሚረዳው ርስትና ጉልት ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው ነው።

በከተማዋ መካከል ኢኩታ የሚባል ጥንታዊ መቅደስ አለ። የመቅደሱ ትውፊት አመሠራረቱን እስከ 201 እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ ይወስደዋል። በጽሑፍ የምናገኘው ግን በ806 እ.ኤ.አ. የጃፓን ቤተ መንግሥት ለኢኩታ አርባ አራት አባወራ መስጠቱን ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያርሱትና የሚገብሩት ለመቅደሱ ነበር፤ መጠሪያቸውም «ካንቤ» ነው፣ የአምላክ ቤተሰቦች እንደማለት። የሰፈሩበት መንደር በእነሱ ተጠራ፤ ቃሉ በሰው አፍ ሲመላለስ ኖሮ ኮቤ ሆነ። እኛ ዘንድ ንጉሥ ለደብር ጉልት ሲሰጥ ገበሬው ግብሩን ለመገበሪያው ስንዴ፣ ለጧፉና ለዕጣኑ ያገባ እንደነበረው ማለት ነው። አባቶቻችን ገባሩን በጭስ ይቆጥሩ ስለነበር፣ የኢኩታ ሰዎች አርባ አራት ጭስ ናቸው ብንል አንሳሳትም። የጎንደርን አርባ አራት ታቦት ሲሰማ ላደገ ሰው ቁጥሩ ራሱ ጆሮ ይይዛል።

ስሙ የሚጻፍባቸው ሁለት ምልክቶች ሌላ ንባብም አላቸው። የመጀመሪያው አምላክ ነው። ሁለተኛው ቤተሰብም በርም ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ጎብኚ «የአምላክ በር» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ለወደብ ከተማ የሚያምር ትርጉም ነው፣ ጣርማ በርንና አንኮበርን ለሚያውቅ የሸዋ ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጥማል። ታሪኩ የሚለው ግን ገባሮቹን ነው። እኔም የገባሮቹን እወዳለሁ። መንደር በጌታው ወይም በጦር አለቃው ስም ሲጠራ እንጂ በአራሹ ስም ሲጠራ ብዙ ጊዜ አናይም።

በአካባቢው ትልቅ የነበረው ስም ኮቤ አልነበረም። ወደቡ በጥንት ኦዋዳ፣ ኋላም ሂዮጎ ይባል ነበር። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ታይራ ኖ ኪዮሞሪ የተባለው ኃያል መስፍን ከቻይና ጋር ለመነገድ ይህን ወደብ አሰፋ። ማዕበሉን ለመከላከል ባሕሩን በድንጋይ ሲያስሞላ በድንጋዮቹ ላይ የቡድሃ መጻሕፍት ቃል ተጽፎባቸው ነበር ይባላል፤ በዚህም የተነሳ የተሠራው ደሴት የመጻሕፍት ደሴት ተባለ። ኪዮሞሪ በ1180 እ.ኤ.አ. ንጉሠ ነገሥቱን ሳይቀር ወደቡ አጠገብ ወዳለችው ፉኩሃራ አምጥቶ መናገሻ ሊያደርጋት ሞከረ፤ ግማሽ ዓመት ያህል ቆይቶ ቤተ መንግሥቱ ወደ ኪዮቶ ተመለሰ። ያ ሁሉ ኃይል አልፎ ፉኩሃራ ዛሬ የአንድ ሰፈር ስም ብቻ ነው።

ታዲያ የመንደሯ ስም ትልቁን ወደብ እንዴት ዋጠው? ጃፓን በ1858 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካና ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በገባችው ውል ለውጭ ነጋዴዎች እከፍታለሁ ያለችው ሂዮጎን ነበር። ጊዜው ሲደርስ ግን ነጋዴዎቹ የሰፈሩት ሰው ከተጨናነቀበት ከሂዮጎ ወደ ምሥራቅ ፈንጠር ብሎ፣ በኮቤ መንደር ዳር ባለው አሸዋማ መሬት ላይ ነው። ወደቡ የተከፈተው በጃንዋሪ 1 ቀን 1868፣ በእኛ ታኅሣሥ 1860 ዓ.ም. ነው። በዚያው ወር ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ የሚዘምተውን ጦር ሊመራ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ወረደ፤ ሚያዝያ ሳይጋመስም ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ። የኮቤ ወደብ መከፈትና የመቅደላ ዘመቻ የሆኑት በአንድ በጋ ውስጥ ነው፤ ይህን ሳስብ ልቤ ይከብዳል።

ከዚያ በኋላ የኮቤ ስሞች የመጤውን ታሪክ ይናገራሉ። ሜሪከን የተባለው መትከያ ስሙን ያገኘው በአቅራቢያው ከነበረው የአሜሪካ ቆንስላ ነው፤ አሜሪካን የሚለው በጃፓኖች ጆሮ ሜሪከን ሆኖ ተሰምቶ ቀረ። ቻይናውያን ውሉ ስለማይመለከታቸው ከውጭ ሰዎች ሰፈር በስተምዕራብ ሰፈሩ፤ ሰፈራቸውም በናንጂንግ ከተማ ስም ናንኪንማቺ ተባለ። ኪታኖ በሚባለው ዳገት ላይ የአውሮፓ ነጋዴዎች የሠሯቸው ቤቶች አሁንም ቆመው ይጎበኛሉ፤ በ1909 እ.ኤ.አ. አንድ ጀርመናዊ ያሠራው የቀይ ጡብ ቤት ጣሪያው ላይ ባለው አውራ ዶሮ ይታወቃል። ትልቁ የባቡር ጣቢያ ያለበት ሳኖሚያ ደግሞ «ሦስተኛው መቅደስ» ማለት ነው፤ በኢኩታ ዙሪያ በቁጥር ከሚጠሩት ስምንት ትናንሽ መቅደሶች የአንዱ ስም ነው።

ጃፓንን ለአማርኛ አንባቢ ያስተዋወቁት የዚሁ የእኛ አገር ልጅ ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት መርሐ ቤቴ ነው። በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው የንጉሠ ነገሥቱን መልእክት ይዘው ጃፓን ሄዱ፣ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው አሳተሙት። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ የምታስገባው የጥጥ ጨርቅ አብዛኛው የጃፓን ነበረና፣ የመንዝ ሰው ጃፓንን በመጽሐፍ ከማወቁ በፊት በአቡጀዲ ሳያውቃት አልቀረም። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ሌላ የሰሜን ሸዋ ልጅ፣ የጃቶው አበበ ቢቂላ፣ በ1961 እ.ኤ.አ. ኦሳካ ላይ ማራቶን አሸነፈ፤ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ሰው በዚያ ቀን የተጫማው የኮቤው ጫማ ሠሪ የኦኒትሱካ ኩባንያ ጫማ ነበር።

ኮቤ በተራራና በባሕር መካከል የተጣበቀች ናት፤ ሜዳ ሲያጥራት ተራራ ቆርሳ አፈሩን ባሕር ውስጥ ደልድላ ፖርት አይላንድን ሠራች፣ የመጀመሪያው ክፍሉም በ1981 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። በጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ማለዳ ከተማዋን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ6,400 በላይ ሰው ገደለ። የኢኩታ መቅደስ ጣሪያ ሳይቀር መሬት ላይ ተኛ፣ በኋላም እንደገና ተሠራ። ሜሪከን ፓርክ ውስጥ 60 ሜትር ያህል የፈረሰ መትከያ እንዳለ ተትቷል፤ የዘነበሉት የመብራት ምሰሶዎች እንደዘነበሉ ናቸው።

እዚያው ፖርት አይላንድ ላይ ዩሲሲ የተባለው የኮቤ ቡና ኩባንያ በ1987 እ.ኤ.አ. የከፈተው የቡና ሙዚየም አለ። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ እዚህ ሊደርስ ይገባዋል፤ የስም ነገር ለእኛ የሚያስቆጨን በቡና በኩል ነውና። በጃፓን የሐረርና የሲዳማ ቡና ለብዙ ዘመን ሲሸጥ የኖረው «ሞካ» እየተባለ ነው፤ ሞካ የየመን ወደብ እንጂ ቡናው የበቀለበት አገር አይደለም። ኢትዮጵያ ሲዳሞንና ይርጋጨፌን በጃፓን የንግድ ምልክት አድርጋ ስታስመዘግብ የጃፓን የቡና ነጋዴዎች ማኅበር፣ የቦታ ስም ለማንም የተለየ መብት አይሰጥም ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ቶኪዮ ከሚገኘው የአእምሯዊ ንብረት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ2010 እ.ኤ.አ. ከቦታው ለተገኘው ቡና የኢትዮጵያ ምልክት እንዲጸና ፈረደ።