የእንግዳው ቀለብ በማን በጀት?

በእንግዳ ተቀባይነታችን መመስገን እንወዳለን። ከመካ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ከተቀበለው የአክሱም ንጉሥ ጀምሮ ታሪካችን በዚህ ረገድ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ታሪኩን ስንተርክ ዘወትር የምንዘላት አንዲት ጥያቄ አለች፦ የእንግዳውን ቀለብ የቻለው ማን ነው?

የጥንቱ መልስ ድርጎ ይባል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ፈቃድ የሚጓዝ መልእክተኛ ወይም የውጭ አገር ሰው ባረፈበት መንደር እንጀራው፣ ጠላውና በጉ በትእዛዝ ይቀርብለት ነበር። ትእዛዙ የቤተ መንግሥት፣ እህሉ የባላገር። ባላገሩ ድርጎውን እያጉረመረመ ይሰጥ፣ አንዳንዴም ይከለክል እንደነበር የዘመኑ ተጓዦች ጽፈዋል። ይህ ሰው ክፉ ስለ ነበረ አይመስለኝም፤ ምስጋናው ለሌላ፣ ዕዳው ለእሱ ስለ ደረሰ እንጂ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1601 የወጣው የድሆች ሕግ ድሃን የመርዳት ግዴታ በየአጥቢያው ላይ ጣለ። በ1662 ደግሞ አጥቢያዎች ሸክም ይሆንብናል ብለው የሚሰጉትን መጤ ወደ መጣበት እንዲያስመልሱ ሌላ ሕግ ፈቀደላቸው። ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላም ጥያቄው አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1996 የለንደን መንግሥት ለብዙ ጥገኝነት ጠያቂዎች ይሰጥ የነበረውን ድጎማ ሲያቋርጥ፣ ፍርድ ቤቶች በ1948ቱ የብሔራዊ ርዳታ ሕግ መሠረት ችግረኞቹን የመርዳት ግዴታ የአካባቢ ምክር ቤቶች ነው አሉ። ምክር ቤቶቹ ወጪው ከበደን ብለው ጮኹ፤ በ1999 በወጣው ሕግ ኃላፊነቱ በአብዛኛው ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ተዛወረ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ እንግዳን የመቀበል ዋጋ በአንድ አካባቢ ጫንቃ ላይ ብቻ ሲወድቅ፣ አካባቢው ማባረርን ይማራል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ቆሰበር፣ በሌላ ስሟ እንጅባራ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ጎዳና ወደ ቻግኒና መተከል የሚያቀናውን መንገድ የሚያገኝባት ከተማ ናት። የአዊ ብሔረሰብ ምክር ቤት መቀመጫም እዚያው ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰዎች ሲገደሉ፣ ከመተከል የሸሹ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ዜጎች ወደ ቻግኒ ጎረፉ፤ ራንች በሚባለው ስፍራም በድንኳን ተጠለሉ።

የርዳታው እህል ከፌዴራል መንግሥት፣ ከክልሉና ከተራድኦ ድርጅቶች ይመጣል እንበል። የትምህርት ቤቱ መምህር፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የውኃው ቧንቧስ? እነዚህ የወረዳ ወጪዎች ናቸው። ወረዳ ደግሞ በዋናነት የሚተዳደረው ከክልሉ በቀመር በሚደርሰው ጥቅል በጀት ነው። የሕዝብ ብዛት ከቀመሩ ዋና መሥፈርቶች አንዱ ነው፤ አገር አቀፍ ቆጠራ ግን ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አልተካሄደም። በድንገት የመጣው ሰው ውኃ ይጠጣል፣ ይታመማል፣ ልጁን ያስተምራል፤ በቀመሩ ግን የለም። የድሃን ነጻ ሕክምና እንኳ ብንወስድ፣ ድሃውን የሚመርጠው ቀበሌው፣ ወጪውን የሚሸፍነው ወረዳው ነው። ቀበሌው ሌላ ክልል የቀረበት ተፈናቃይ በማን መዝገብ ይታከም?

ምጸቱ እዚህ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በመተማ የገባ ሰው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 አለው፤ ስለ እሱ የሚጠየቅ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አለው፤ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን አለው። ጥበቃው ሙሉ ነው አልልም፤ አድራሻ ግን አለው። የክልል ድንበር የተሻገረው ኢትዮጵያዊስ? አገራችን የካምፓላን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች። ስምምነቱ ተፈናቃይን የመጠበቅ ቀዳሚው ኃላፊነት የመንግሥት መሆኑን፣ በተቻለ መጠንም ገንዘብ መመደብ እንዳለበት ይደነግጋል። ቃሉ በወረዳው የበጀት ሠንጠረዥ ላይ ካልታየ ግን አዋጁ የመደርደሪያ ጌጥ ነው።

«ሕዝቡ ቸር ነው፣ ችሎ ያኖራቸዋል» የሚሉ አሉ። የሕዝቡን ቸርነት አልክድም። ግን ቸርነት እንግዳውን ይመርጣል። ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ከዳንጉሩ ግድያ በኋላ በዚሁ በአዊ፣ በጃዊ ወረዳ፣ በርካታ ጉሙዞች መገደላቸውን እያስታወስን ስለ ደግነታችን ብቻ ልንናገር አይገባንም። ያ ግፍ ከበጀት የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። ማለቴ፣ የተፈናቃይ መብት በሰው ስሜት ላይ ሳይሆን፣ ዘሩን በማይጠይቅ ሕግና በተጻፈ ገንዘብ ላይ መቆም አለበት ነው።

ስለዚህ ገንዘቡ ሰውየውን ይከተል እላለሁ። ተፈናቃይ በደረሰበት ወረዳ ይመዝገብ፤ ቁጥሩ በዓመቱ ድጎማ ላይ ይደመር፤ ሲመለስም ድርሻው አብሮት ይመለስ። ምክር ቤቱም የተቀበለውንና ያወጣውን በግልጽ ጉባኤ ያስታውቅ። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ነው ይባላል። ወርቅ ሆኖ ለመጣ ወገን ብረት እስኪሆን መጠበቅ የመንግሥት ሥራ አይደለም።

ቸር ይግጠመን።