የ«አንድም» ልማድ

ጎንደር ፒያሳ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በሠራቸው ሕንፃዎች ሥር፣ ደብተር የያዙ ተማሪዎች ያልፋሉ። ደብተሩ ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከሰሌዳ የተገለበጠ ነው፤ ጠያቂው መምህሩ፣ መልሱም አንድ ብቻ።

ይህች ከተማ ግን ሌላ የቆየ ልማድ አላት። በቤተ ክህነቱ የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ተማሪው ንባቡን ከነፍቺው በቃሉ ያጠናል። መምህሩ አንዱን ፍቺ ከሰጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል፤ የኋለኛው የፊተኛውን አይሽርም። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መምህር ኤስድሮስ የወረሱትን ትርጓሜ መርምረው የራሳቸውን ቤት መሠረቱ። ነባሩ «ላይ ቤት»፣ የእሳቸው «ታች ቤት» ተባለ፤ ይበልጥ የተስፋፋውም የታች ቤቱ ነው።

የቃል ጥናት አእምሮን ያደነዝዛል የምንል ሁሉ ይህን ልብ እንበል። ኤስድሮስ አዲስ ነገር ለማለት የበቁት የቀደሙትን ቃል ጠንቅቀው ይዘው ነው። አለንጋው መቅረቱ ደግ ነው። ከአለንጋው ጋር ጥሞናውንና ጥያቄውን ከጣልን ግን ምን አተረፍን?

መምህራን ሆይ! ከመልሳችሁ በኋላ «አንድም» የሚል ተማሪ ብድግ ሲል፣ እባካችሁ ቁጭ በል አትበሉት።