ውድ ቤንዚን ለፒክአፕ መኪና ምን ይጨምራል?

አሜሪካ ውስጥ ነዳጅ ማደያ የገባ ሰው ሦስት ቁልፎች ይጠብቁታል፤ 87፣ 89 እና 91 ወይም 93። አገር ቤት ምርጫው ቤንዚን ወይስ ናፍጣ የሚል ብቻ ስለነበር፣ ብዙዎቻችን ቁጥሩ በጨመረ መጠን የቤንዚኑ ጉልበትም የሚጨምር ይመስለናል። በፒክአፕ ዕቃ እያመላለሰ ወይም ተጎታች እየሳበ የሚተዳደር ሰውማ "መኪናው ከባድ ነው፤ ጥሩውን ላጠጣው" ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ልዩነቱ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ቁጥሩ ምን እንደሚለካ፣ የኩባንያው ስምስ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ማወቁ አይከፋም።

እዚህ የምንነጋገረው በቤንዚን ስለሚሠሩ ፒክአፖችና የጭነት ቫኖች ነው። ረጅም መንገድ የሚጓዙት ከባድ የጭነት መኪኖች በአብዛኛው የሚሠሩት በናፍጣ ስለሆነ የኦክቴን ቁጥር አይመለከታቸውም።

ኦክቴን ጉልበት አይደለም

በሲሊንደር ውስጥ ፒስተን የአየርና የቤንዚን ድብልቁን ይጨምቀዋል፤ ከዚያ ካንዴላው ብልጭታ ሰጥቶ ያቀጣጥለዋል። ግፊቱና ሙቀቱ ሲበዛ ግን የድብልቁ ከፊል እሳቱ ሳይደርሰው በራሱ ይነዳል። ያን ጊዜ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱ ከበረታና ከቆየ ፒስተንን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ኦክቴን ማለት እንግዲህ ቤንዚኑ ይህን ያለጊዜው መንደድ ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚገልጽ ቁጥር ነው። 93 ቁጥር ያለው ቤንዚን ከ87ቱ የበለጠ ኃይል በውስጡ አልያዘም። ለ87 በተሠራ ሞተር ውስጥ ሲጨመር፣ ሞተሩ ለማያስፈልገው መከላከያ እንደ መክፈል ነው።

ቁጥሩ ከአገር አገር ስለሚለያይም መጠንቀቅ ያሻል። አሜሪካ የሁለት የመለኪያ ዘዴዎችን አማካይ ትጽፋለች፤ አውሮፓና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ከሁለቱ ከፍ ያለ ቁጥር የሚሰጠውን አንዱን ብቻ ይጠቀማሉ። ስለዚህ የቨርጂኒያው 87 በዱባይ ወይም በፍራንክፈርት አቆጣጠር 91 ወይም 92 ያህል ነው። የዱባዩ 95 ደግሞ በአሜሪካ 91 አካባቢ ይሆናል። የአሜሪካ ቤንዚን ደካማ ነው የሚለው ወሬ የተነሣው ከዚህ የአለካክ ልዩነት ነው።

ሲፈተን ምን ተገኘ?

ትሪፕል ኤ የተባለው የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ለሬጉላር የተሠሩ መኪኖችን በፕሪሚየም ሞክሮ ነበር። ከተፈተኑት አንዱ ባለ 8 ሲሊንደሩ ፒክአፕ ቶዮታ ታንድራ ነው። በጉልበትም ሆነ በነዳጅ ቁጠባ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልተገኘም። በ2017 ደግሞ አምራቾቻቸው ፕሪሚየም "ይመከራል" የሚሉላቸውን መኪኖች ፈተነ። በእነዚህ ላይ ለውጥ ታየ፤ በአማካይ የነዳጅ ቁጠባው 2.7 ከመቶ፣ የፈረስ ጉልበቱ 1.4 ከመቶ ተሻሻለ።

ይህ ለኪስ ምን ማለት ነው? ሬጉላሩ 3.20፣ ፕሪሚየሙ 4.00 ዶላር ነው ብንል፣ ፕሪሚየሙ በ25 ከመቶ ይወደዳል። በዓመት 15,000 ማይል የሚጓዝና በአንድ ጋሎን 18 ማይል የሚሄድ ፒክአፕ 833 ጋሎን ያህል ይጠጣል። በጋሎን 80 ሳንቲም ሲጨመርበት 667 ዶላር ይመጣል። ይህን ለመመለስ መኪናው በአንድ ጋሎን የሚሄደው ማይል በ25 ከመቶ መጨመር ነበረበት፤ የተገኘው ግን 2.7 ብቻ ነው።

ታዲያ ፕሪሚየም ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የመኪናው መመሪያ "ግዴታ ነው" ካለ መጨመር ነው፤ እዚያ ላይ መቆጠብ ሞተር ያስከፍላል። ቱርቦ ያላቸው እንደ ፎርድ ኤፍ-150 ኤኮቡስት ያሉ ፒክአፖች በሬጉላር ይሠራሉ፤ ሆኖም ከባድ ተጎታች ሲስቡ ፎርድ ራሱ ፕሪሚየምን ይመክራል። ኮምፒውተሩ ማንኳኳትን ሲያደምጥ ብልጭታውን ያዘገየዋል፤ ሞተሩ ይድናል፣ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ በበጋ ሙቀት ተጎታች እየሳቡ ዳገት ለመውጣት ፕሪሚየም ትርጉም አለው፤ ባዶ መኪና ይዞ ሥራ ለመመላለስ ግን የለውም።

የኩባንያው ስምስ?

በአንድ አካባቢ የሚሸጠው ቤንዚን በአብዛኛው ከተመሳሳይ ቧንቧና ዴፖ ይቀዳል። ከሂውስተን እስከ ኒው ጀርሲ የሚዘረጋው የኮሎኒያል ቧንቧ ለምሳሌ የብዙ ኩባንያዎችን ቤንዚን ያመላልሳል። ልዩነቱ የሚመጣው ቦቴው ሲሞላ ነው፤ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን የማጽጃ ቅመም የሚጨምረው ያን ጊዜ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት ከ1995 ጀምሮ ዝቅተኛውን የማጽጃ መጠን ግዴታ አድርጓል። ይህ አይበቃም ያሉ ቢ ኤም ደብሊው፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ሆንዳና ቶዮታ ደግሞ በ2004 "ቶፕ ቲር" የተባለውን ከፍ ያለ ደረጃ አወጡ። ትሪፕል ኤ በ2016 ባደረገው ሌላ ፈተና፣ 4,000 ማይል ከሚያህል ጉዞ በኋላ፣ ደረጃውን ያላሟላው ቤንዚን በአየር ማስገቢያ ቫልቮች ላይ በአማካይ 19 እጥፍ ጥቀርሻ አስቀርቷል። ደረጃውን ያገኘ ኩባንያ ማጽጃውን በሬጉላሩም መጨመር ስላለበት፣ ለንጽሕና ሲባል ፕሪሚየም መግዛት አያስፈልግም። ኮስትኮን የመሰሉ ርካሽ ሻጮችም ደረጃው አላቸው። ጥቅሙ ግን ቀስ በቀስ የሚታይ ነው፤ ዛሬ ማደያ ቢቀይሩ ነገ ማይሉ አይጨምርም።

ነዳጁን የሚበላው ሌላ ነው

ኤታኖል ከቤንዚን አንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ኃይል አለው። 10 ከመቶ ኤታኖል ያለበት የተለመደው ቤንዚን ከንጹሑ ጋር ሲነጻጸር 3 ከመቶ ያህል ማይል ያሳጣል፤ ኢ85 የተባለው ደግሞ ከ15 እስከ 27 ከመቶ። ቅይጡ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በ2008 ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኤታኖል 5 ከመቶ መቀላቀል ጀምራ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አነዳዱ ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው፣ በፍጥነት መንገድ ላይ በችኮላ መንዳት ከ15 እስከ 30 ከመቶ ነዳጅ ያባክናል። የጎማ አየር ማነስና ያለ ሥራ የተጫነ ዕቃም የየራሳቸውን ይወስዳሉ።

ራስዎ ይለኩት

"ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ" ይባላልና፣ የጓደኛ ምስክርነት አይበቃም። ሰልባቲዮውን በአንድ ማደያ፣ ማንጠልጠያው በራሱ እስኪያቆም ይሙሉ፤ የማይል ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሱ። በሚቀጥለው ሙሌት የተጓዙትን ማይል በገባው ጋሎን ያካፍሉ። በእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ ሦስት ሙሌት፣ በአንድ ዓይነት መንገድና በአንድ ወቅት ይሞክሩ፤ የክረምት ቤንዚን ቅመማው ስለሚለይና ኃይሉ ትንሽ ስለሚያንስ ነሐሴን ከጥር ጋር አያነጻጽሩ።

በአጭሩ፣ ደረጃውን ከመኪናው መመሪያ ይውሰዱ፤ ማደያውን በማጽጃው ይምረጡ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለጎማና ለዘይት ያውሉት።