የመሪ ጉተታ ታሪክ፦ በፊት ጎማ የሚነዱ ባለተርቦ መኪኖችና መንስኤው የተፈለገበት ቦታ



ዛሬ የማቀርብላችሁ የአንድ የመኪና ጠባይ ታሪክ ነው። በፊት ጎማው የሚነዳ፣ ተርቦ የተገጠመለት ኃይለኛ መኪና፣ ነጂው ነዳጅ መስጫውን አጥብቆ በረገጠ ጊዜ መሪውን ከእጁ እየነጠቀ ወደ አንድ ወገን ማጋደል ይወዳል። በእንግሊዝኛ ቶርክ ስቲር ይባላል፤ እኔ የመሪ ጉተታ እለዋለሁ። ሾፌሮቻችን «መሪው ይስባል» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ጎማ አሰላለፍ መዛባት ነው። የዛሬው ጉዳያችን ከዚያ የተለየ ነው፤ አሰላለፉ ፍጹም ልክ በሆነ አዲስ መኪና ላይም ይከሰታል፤ እግር ከነዳጅ መስጫው በተነሳ ቅጽበትም ይጠፋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

የተለመደው ትረካ ጉተታውን ያመጣው ተርቦ ነው ይላል። የእኔ ክርክር ሌላ ነው፦ ተርቦ ዕዳውን ያስከፈለ እንጂ ዕዳውን የገባ አይደለም። ዕዳው የተገባው በ1960ዎቹ፣ ማንም ስለ ፍጥነት ባልተጨነቀባቸው ርካሽ የቤተሰብ መኪኖች ላይ ነበር። መሐንዲሶቹም ለብዙ ዓመታት መንስኤውን በአንደኛው ቦታ ሲፈልጉ፣ የበለጠው ክፍል በሌላው ቦታ ተቀምጦ ይጠብቃቸው ነበር። ይህ መዘግየት እንዴት እንደተፈጠረ ማስረዳት የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

ከመነሻው እንጀምር። ብዙዎቻችሁ የአዲስ አበባን ላዳ ታክሲ ታውቃላችሁ። ላዳ የፊያት 124 ልጅ ነው፤ ሞተሩ ከፊት ተቀምጦ የሚነዳው ግን የኋላ ጎማዎቹን ነው። የፊት ጎማዎቹ መኪናውን ማጠፍ እንጂ መጎተት አይጠበቅባቸውም። በፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ግን ያው ጎማ ለሁለት ጌታ ይገዛል፤ ይጎትታልም፣ ያጥፋልም። ስለዚህ የሚጎትተው ኃይል በግራና በቀኝ በጥቂቱ ከተበላለጠ ልዩነቱ በመሪው በኩል እስከ ነጂው እጅ ይደርሳል።

በ1959 አሌክ ኢሲጎኒስ የነደፈው ሚኒ ሞተሩን አግድም አስተኝቶ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር፣ በዘይት መያዣው ውስጥ አስገባው። ሁለቱ ነጂ ዘንጎች በርዝመት ያን ያህል አይራራቁም ነበር። ደግሞስ 848 ሲሲ ሞተርና 34 የፈረስ ጉልበት ማንን ይጎትታሉ? በታሪካችን ወሳኙ ሰው የፊያቱ ዳንቴ ጃኮዛ ነው። እሱ ካምቢዮውን ከሞተሩ ሥር አውጥቶ በሞተሩ ጫፍ፣ በጎን በኩል ሰካው። ይህ አቀማመጥ ለማምረት ቀላል፣ ለመጠገንም ምቹ ነበር። ፊያት ግን በራሱ ስም መድፈሩን ስላመነታ በ1964 በአውቶቢያንኪ ስም፣ ፕሪሙላ በተባለ መኪና ሞከረው፤ በ1969 ደግሞ በፊያት 128 ለሕዝብ አቀረበው። ሞተርና ካምቢዮ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ዲፈረንሻሉ ከመኪናው መሃል ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ አንዱ ነጂ ዘንግ አጭር፣ ሌላው ረጅም ይሆናል። 1116 ሲሲና 55 የፈረስ ጉልበት ላለው መኪና ይህ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም።

ፊያት 128 ሌላም ነገር ይዞ ነበር፤ የማክፈርሰንን ምሶሶ። አሜሪካዊው ኧርል ማክፈርሰን ሞላንና ንዝረት ማብረጃን በአንድ ቋሚ ምሶሶ አዋህዶ የፊት ጎማን የሚሸከም ቀላል ንድፍ አወጣ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያም በእንግሊዝ ፎርድ ኮንሰልና ዜፊር ላይ ተሠራበት። እነዚህ መኪኖች ሁለቱም በኋላ ጎማ የሚነዱ መሆናቸውን አስምሩበት። ምሶሶው መታጠፍ ብቻ ለሚጠበቅበት ጎማ የታሰበ ነበር። ርካሽና ቦታ ቆጣቢ ስለሆነ ግን ወደሚነዳው ጎማ ተሻገረ። በ1974 የቮልስዋገን ጎልፍ፣ በ1976 የፎርድ ፊየስታ ሁለቱን ንድፎች፣ የጎን ካምቢዮንና የማክፈርሰንን ምሶሶ፣ አጣምረው ወረሱ። ዓለም ተከተላቸው።

ተርቦ ብቻውን ጥፋተኛ አለመሆኑን የሚመሰክሩ ሁለት መኪኖች አሉ። የመጀመሪያው የ1966ቱ ኦልድስሞቢል ቶሮናዶ ነው፤ በዘመኑ የአሜሪካ አለካክ 385 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ሞተሩ በቁመት የተቀመጠ፣ የፊት ጎማው ከላይና ከታች በክንድ የተያዘ። ሁለተኛው በ1977 ለሕዝብ የታየው ሳብ 99 ተርቦ ነው። 145 የፈረስ ጉልበቱ ለዚያ ጊዜ ብዙ ነበር፤ እሱም ሞተሩን በቁመት አስቀምጦ፣ የፊት ጎማዎቹን በላይና በታች ክንዶች ይዟል። ጉተታ ፈጽሞ አልነበራቸውም አልልም። ስማቸውን ያጎደፈ ነገር ግን አልነበረም።

ዕዳው መጠየቅ የጀመረው በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ተርቦ ወደ ጃኮዛ አቀማመጥ ሲገባ ነው። ፎርድ ኤስኮርት አርኤስ ተርቦ፣ ሬኖ 5 ጂቲ ተርቦ፣ ፊያት ኡኖ ተርቦ፣ በአሜሪካም 146 የፈረስ ጉልበት ያለው ዶጅ ኦምኒ፣ ሁሉም በአንድ ሁለት ዓመት ልዩነት መጡ። የዚያን ዘመን ተርቦ ጠባይ ነገሩን አባባሰው፤ ነጂው ነዳጅ ሲሰጥ ለቅጽበት ምንም አይሆንም፣ ከዚያ ኃይሉ እንደ ጎርፍ ይደርሳል። በቀጥታ መንገድ ላይ ይህ ቢያስደነግጥ ነው። በመታጠፊያ መሃል፣ በዝናብ፣ ከፊት ለፊት ሌላ መኪና እየመጣ ሲሆን ግን መሪው በገዛ ራሱ መዞሩ የሕይወት ጉዳይ ነው።

መሐንዲሶች በመጀመሪያ ያዩት የሚታየውን ነው። ከመኪናው ሥር ገብቶ ያየ ሁሉ አንዱ ዘንግ አጭር፣ ሌላው ረጅም መሆኑን ያያል። ከዚያ «አጭሩ ዘንግ ኃይሉን ቀድሞ ያገኛል» የሚለው ማብራሪያ ተወለደ፤ እስከ ዛሬም በጋራዡም በክፍሉም ይነገራል። ግማሽ እውነት ነው። ረጅሙ ዘንግ በቀላሉ ስለሚጠመዘዝ ለቅጽበት ይዘገያል፤ ነገር ግን ተራ ዲፈረንሻል ቶርክን ለሁለቱ ጎማዎች እኩል ያካፍላልና ቅጽበቷ ካለፈች በኋላ ልዩነቱ ሊቀጥል አይችልም። መዘግየቱንም ረጅሙን ዘንግ ወፍራም ቱቦ በማድረግ ማረም ይቻላል።

ከዘንጉ የሚመነጨው ዘላቂ ጉተታ የመጋጠሚያው ማዕዘን ነው። ዘንጉ ወደ ጎማው በሚገባበት ቦታ ከታጠፈ፣ የሚያስተላልፈው ቶርክ ጎማውን ወደ ጎን ለማዞር የሚሞክር ሁለተኛ ጠምዛዥ ኃይል ይወልዳል፤ መጠኑም ቶርኩ በማዕዘኑ ግማሽ ታንጀንት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ለምሳሌ እያንዳንዱ ጎማ 1000 ኒውተን ሜትር ቢቀበል፣ የአጭሩ ዘንግ ማዕዘን 6 ዲግሪ፣ የረጅሙ 3 ዲግሪ ቢሆን፣ በአንዱ በኩል 52፣ በሌላው 26 ኒውተን ሜትር ይወጣል። የግራውና የቀኙ እርስ በርስ ይቃረናሉና ልዩነቱ፣ 26 ኒውተን ሜትር፣ መሪው ላይ ይቀራል። መኪናው ሲፈተለክ አፍንጫው ብድግ ስለሚል ማዕዘኖቹ ይሰፋሉ፤ የአጭሩ የበለጠ ይሰፋል።

መድኃኒቱም ግልጽ ሆነ። ከዲፈረንሻሉ አንድ ተጨማሪ መካከለኛ ዘንግ ይወጣል፤ ጫፉ ከሞተሩ አካል ጋር በተያያዘ ኩሽኔታ ይደገፋል፤ ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኙ እኩል ርዝመት ባላቸው ነጂ ዘንጎች ይቀጥላል። ክራይስለር በተርቦ መኪኖቹ፣ ሳብም ሞተሩን አግድም ባስተኛበት በ1984ቱ 9000 ላይ ተጠቀሙበት። ሞተሩ ራሱ እንዳይወዛወዝ ማሰሪያዎቹ ጠነከሩ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ብዙዎችም ጉዳዩ የተዘጋ መሰላቸው።

ያልተዘጋ መሆኑን ያሳየ መኪና አለ፤ በ1999 የመጣው ሳብ 9-3 ቪገን። 2.3 ሊትር ተርቦ ሞተሩ 225 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ዘንጎቹም በመካከለኛ ዘንግ የተስተካከሉ ነበሩ። ሆኖም በመሪ ጉተታው ስሙ እስከ ዛሬ ይነሳል። የመሪው ማርሽ ከተሳፋሪው ክፍል ግድግዳ ጋር የታሰረበት ቦታ በጭነት ስለሚተጣጠፍ ባለቤቶቹ ማጠናከሪያ ብረት እየገዙ አስገጠሙ። ለታሪክ ተመራማሪ እንዲህ ያለ መኪና ከድል ይልቅ ይጠቅማል፤ የታመነበት መድኃኒት ተሰጥቶ በሽታው ካልለቀቀ፣ ምርመራው አልተሟላም ነበር ማለት ነው።

ያልተሟላው ምንድን ነው? ጎማ ወደ ግራና ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርበት በዓይን የማይታይ መስመር አለ፤ የመታጠፊያ መስመር ልበለው። በማክፈርሰን ንድፍ ይህ መስመር ከምሶሶው አናት እስከ ታችኛው ክንድ ጫፍ ይዘልቃል። ምሶሶው ጎማውን እንዳይነካ ወደ ውስጥ መሸሽ ስላለበት መስመሩ ያዘነብላል። የመማሪያ መጻሕፍት ለዓመታት ሲያተኩሩ የኖሩት መስመሩ መሬትን በሚነካበት ቦታና በጎማው መሃል መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። ለፍሬን ትክክል ናቸው፤ ፍሬኑ ጎማውን ከተሸከመው አካል ጋር ስለሚታሰር ኃይሉ በመሬት ደረጃ ይሠራል። በ1970ዎቹም መኪና በፍሬን ጊዜ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይህን ርቀት ማስተካከል ትልቅ እመርታ ነበር።

የሚነዳ ጎማ ግን ቶርኩን የሚቀበለው በዘንግ በኩል ከመኪናው አካል ነው፤ ስለዚህ የሚገፋው ኃይል በመታጠፊያው መስመር ላይ የሚሠራው በጎማው ማዕከል ከፍታ ነው። እስቲ እናስላው። ጎማው 310 ሚሊሜትር ራዲየስ ይኑረው፤ መስመሩ 13 ዲግሪ ያዘንብል፤ መሬትን ደግሞ ልክ በጎማው መሃል ይንካ። በመሬት ደረጃ ርቀቱ ዜሮ ነው፤ ለፍሬን ከዚህ የተሻለ አይገኝም። በጎማው ማዕከል ከፍታ ግን መስመሩ ወደ 72 ሚሊሜትር ርቋል። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል የ400 ኒውተን የግፊት ልዩነት ቢፈጠር 29 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ ጠምዛዥ ኃይል መሪውን ይይዘዋል፤ ይህም ዘንጎቹ እኩል ከሆኑ በኋላ ነው። መንሸራተትን የሚገድብ ዲፈረንሻል ሲጨመር ልዩነቱ ይሰፋል፤ ሥራው ራሱ የተሻለ መሬት ለያዘው ጎማ ብዙ ቶርክ መስጠት ነውና። የ2002ቱ ፎርድ ፎከስ አርኤስ ይህን በነጂዎቹ ክንድ ላይ አስተማረ፤ ከኩዌፍ ዲፈረንሻሉ ጋር በመታጠፊያ ውስጥ እጅግ ይይዛል፣ በጎርበጥባጣ መንገድ ግን መሪው ይታገላል።

መፍትሔው ምሶሶውን ከመታጠፍ ሥራ ማሳረፍ ነበር። ምሶሶው ሞላውን ተሸክሞ ይቆማል፤ ከሱ ውጭ፣ በጎማው ገንዳ ውስጥ፣ የራሱ ላይኛና ታችኛ መዞሪያ ያለው ሌላ አካል ከጎማው ጋር ይታጠፋል። የመታጠፊያው መስመር ወደ ጎማው ማዕከል ይጠጋል። ሬኖ በ2004 በ225 የፈረስ ጉልበቱ ሜጋን ስፖርት ላይ አዋለው። ፎርድ በ2009 ሬቮናክል ብሎ በሰየመው ንድፍ 305 የፈረስ ጉልበትና 440 ኒውተን ሜትር ያለውን ፎከስ አርኤስ በፊት ጎማ ብቻ ነዳው። ጄኔራል ሞተርስ ሃይፐር ስትራት በሚል ስም ተከተለ፤ ሆንዳም በ2015ቱ ሲቪክ ታይፕ አር 310 የፈረስ ጉልበት ላይ ደረሰ። የፊት ጎማ ከዚህ በላይ አይችልም ተብሎ የተሰመረው ድንበር የፊት ጎማ ሳይሆን የምሶሶው ድንበር ነበር።

ለምን አርባ ዓመት ፈጀ? ገንዘብ አንዱ መልስ ነው፤ ተጨማሪ መዞሪያዎች ዋጋና ክብደት ይጨምራሉ፤ የአንድ ንድፍ አብዛኞቹ መኪኖች ደግሞ ደካማ ሞተር ያላቸው ስለሆኑ አያስፈልጋቸውም። ይህ ግን ሁሉን አያስረዳም ባይ ነኝ። ዘንግ በእጅ ይዳሰሳል፣ በሜትር ይለካል፣ በሌላ ይለወጣል። የመታጠፊያ መስመር በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር ነው፤ በወረቀቱም ላይ ቢሆን ለፍሬን ሲባል የተሰጠው ቦታ ትክክል ስለነበር ሌላ ጥያቄ የሚጠይቀው አላገኘም።

ከ2010 ወዲህ ሦስተኛ መንገድ ተጨምሯል። በኤሌክትሪክ የሚታገዝ መሪ ውስጥ ያለው ሞተር ጉተታውን አውቆ በተቃራኒው ይገፋል። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። እኔ ግን ከሁለቱ ጋር በአንድ ተርታ አላስቀምጠውም፤ ኃይሉ አሁንም ከጎማው እየመጣ ነው፣ ነጂው እንዳይሰማው ሆነ እንጂ፤ ከሱ ጋርም መንገዱ የሚናገረው ነገር አብሮ ሊታፈን ይችላል።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ወደ ደጃችን ይመጣል። በ2024 አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በመንገዶቻችን ላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል፤ ከእነዚህም በፊት ጎማ የሚነዱ ብዙ ናቸው። ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስን ውሰዱ፤ 310 ኒውተን ሜትር አለው። ተርቦ ለመድረስ ጊዜ ይወስድ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ሙሉ ቶርኩን ከቆመበት መስጠት ይችላል። ጉተታው እንዳይጎላ የሚደረገው በአብዛኛው ቶርኩ የሚያድግበትን ፍጥነት በሶፍትዌር በመግታት ነው። የፊት እግሩ ግን አሁንም የማክፈርሰን ምሶሶ ነው። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች በግቢው ከቆሙት መኪኖች የአንዱን የመታጠፊያ መስመር ለክታችሁ በጎማው ማዕከል ከፍታ ያለውን ርቀት ብታወጡ፣ አለካኩን ከንግግሩ በኋላ በሰሌዳው ላይ አሳያችኋለሁ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።